የኢቫንስ ብሉ ዱቄት ግምገማ፦ የት ይታመናል፣ የት ያሳስታል

ኢቫንስ ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ደም ውስጥ ሲገባ አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። አልቡሚን ደም ሥር ውስጥ እስካለ እሱም እዚያው ይቆያል፤ አልቡሚን ሾልኮ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ይህን ቀለም ሲጠቀሙበት የኖሩት በዋናነት ለዚህ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ዱቄቱን ለመገምገም ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ የተወጋው ቀለም በእርግጥ አልቡሚን ላይ ተጣብቋል ወይስ ከፊሉ ብቻውን እየዞረ ነው የሚለው ነው። መልሱን የሚወስነው የጠርሙሱ ጥራት ብቻ አይደለም፤ ዶዙ (የሚወጋው መጠን) ይበልጥ ይወስነዋል። ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ሰው ሠራሽ ቀለም ወደ ሕያው አካል ምርምር የገባው ፐርኪን በ1856 ሞቭ የተባለውን ቀለም ከሠራ በኋላ የቀለም ኢንዱስትሪው ሲስፋፋ ነው። ፖል ኤርሊክ በ1885 እንስሳት ላይ የወጋቸው ቀለሞች ሌላውን አካል ሲያቀልሙ አንጎልን እንደሚዘሉ ጻፈ። ጎልድማን በ1913 ትራይፓን ብሉን በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ጨመረ፤ ያን ጊዜ አንጎሉ ቀለመ፣ ሌላው አካል ግን ሳይቀልም ቀረ። በ1915 ቫይታል ሬድ የተባለ ቀለም ለፕላዝማ (ሕዋስ የሌለበት የደም ፈሳሽ) መጠን መለኪያ ሆነ። አሜሪካዊው የአናቶሚ ሊቅ ኸርበርት ኢቫንስ አዞ የሚባለው የኬሚካል ቤተሰብ አባል የሆኑ ብዙ ቀለሞችን አወዳድሮ ካወጣቸው መካከል ከደም ቶሎ የማይጠፋው ተመረጠ፤ ስሙም በእሱ ተጠራ።

የሚሸጠው ዱቄት

ዱቄቱ የቀለሙ ባለአራት ሶዲየም ጨው ነው። የሞለኪውል ክብደቱ 960.8 ሲሆን የቀለም መዝገብ ቁጥሩ 23860 ነው። በቆዩ ጽሑፎች ቲ-1824፣ በጨርቅ ማቅለሚያ ዝርዝሮች ደግሞ ዳይሬክት ብሉ 53 ይባላል። ሲታዘዝ ከትራይፓን ብሉ እንዳይምታታ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ትራይፓን ብሉ የመዝገብ ቁጥሩ 23850 ነው፤ የሞለኪውል ክብደቱና የአቶሞቹ ብዛት ከኢቫንስ ብሉ ጋር አንድ ነው። ልዩነታቸው የሰልፎኔት ቡድኖቹ የተያያዙበት ቦታ ብቻ ነው። ቀመሩንና ክብደቱን ብቻ አይቶ የሚያዝዝ ሰው በቀላሉ አንዱን በሌላው ይለውጣል፤ የመዝገብ ቁጥሩን የሚያይ ግን አይሳሳትም።

ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ከበድ ብሎ መታየት ያለበት የቀለም ይዘት የሚለው መስመር ነው። በገበያ ያለው የተለመደ ደረጃ ‹‹75 በመቶና ከዚያ በላይ›› ይላል። የቀረው ጨው፣ እርጥበትና የምርት ትራፊ ነው። እንግዲህ 10 ሚሊ ሊትር ባለ 2 በመቶ መፍትሔ ለማዘጋጀት 200 ሚሊ ግራም ዱቄት የመዘነ ሰው በእጁ ያለው 1.5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እውነተኛ 2 በመቶ ከፈለገ ባለ 75 በመቶውን ዱቄት 267 ሚሊ ግራም መመዘን አለበት። ቁጥሩ ከምርት ክፍል ወደ ምርት ክፍል ስለሚለያይ የሚታየው አጠቃላይ መግለጫው ሳይሆን ለዚያ ጠርሙስ የተሰጠው የትንተና ወረቀት ነው።

ይህ ጉድለት ሁሉም ቦታ እኩል አይጎዳም። ስታንዳርዱ (ክምችቱ የታወቀው ማነጻጸሪያ) የተሠራው ከተወጋው ከዚያው መፍትሔ ከሆነ የይዘቱ ጉድለት በሁለቱም ወገን ስለሚገባ ይሰረዛል፤ ስለዚህ የፕላዝማ መጠን ስሌት አይነካም። ‹‹በአንድ ግራም ሥጋ ይህን ያህል ማይክሮ ግራም ቀለም›› ብሎ ከሌላ ላብራቶሪ ውጤት ጋር ማወዳደር ሲመጣ ግን ሩብ ያህል ስህተት ሊገባ ይችላል። የሁለት ዓመት ተከታታይ ሥራ መሀል ላይ ጠርሙስ ሲቀየር ያለ ምክንያት የሚመጣ ‹‹ለውጥ›› ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው። አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት ከአሮጌውም ከአዲሱም እኩል መዝኖ፣ በንጹሕ ውሃ በሚሊ ሊትር 5 ማይክሮ ግራም አድርጎ፣ ከ500 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን አብዞርባንስ (ብርሃን የመያዝ መጠን) ማንበብ ነው። በውሃ ውስጥ ጫፉ 610 ናኖሜትር አካባቢ ይወጣል። ቅርጹ አንድ ሆኖ ከፍታው ብቻ ከተለያየ ልዩነቱ የይዘት ነው፤ ጎን ላይ ሌላ ጉብታ ከታየ ግን ጠርሙሱ ወደ አቅራቢው ይመለስ።

ዱቄቱ እርጥበት ይስባል፤ በደንብ ተከድኖ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ ይሟሟል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ባለ 2 በመቶው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ተማስሎ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ቀለሙ እጅግ ጥቁር ስለሆነ ያልሟሟ ጓል በዓይን አይታይም። ሳይጣራ የተወጋ ጓል ሳንባ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል፤ እንስሳው መርፌው ሳይወጣ ሊሞት ይችላል።

ፕላዝማን ሲለካ፦ እዚህ ጥሩ ነው

የታወቀ መጠን ቀለም ይወጋል፣ እስኪዋሃድ ይጠበቃል፣ ፕላዝማ ውስጥ ያለው ክምችት ይነበባል፣ የተወጋው በክምችቱ ይካፈላል። ለአዋቂ ሰው ሲሠራበት የኖረው ልማዳዊ መጠን ባለ 0.5 በመቶ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 25 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ለሰው የሚሰጠው ለመወጋት ተብሎ ተጣርቶ የተመረተው ብቻ ነው፤ የላብራቶሪ ዱቄት በምንም ሁኔታ ለሰው አይወጋም።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 25 ሚሊ ግራም ተወግቶ ክምችቱ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ቢሆን ፕላዝማው 3.125 ሊትር ነው። ሄማቶክሪቱ (በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋስ ድርሻ) 45 በመቶ ከሆነ ጠቅላላ ደሙን 3.125ን በ0.55 አካፍሎ 5.7 ሊትር ማለት ይቻላል፤ ግን ይህ ይበዛል። በቀጫጭን የደም ሥሮች ያለው ደም ከክንድ ከሚቀዳው ደም ያነሰ ቀይ ሕዋስ ስላለው፣ የክንዱ ሄማቶክሪት በ0.91 ተባዝቶ 41 በመቶ ይሆናል፤ ያኔ ጠቅላላ ደሙ 5.3 ሊትር ይወጣል። የ400 ሚሊ ሊትር ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የሚያበላሹት ነገሮች በአብዛኛው ጥቃቅን ናቸው። መርፌና ስሪንጅ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ተወግቷል ተብሎ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ስሪንጁ ከመውጋት በፊትና በኋላ መመዘን አለበት። ናሙናው ከተወጋበት ክንድ አይቀዳም። ፀረ-መርጋቱ ፈሳሽ ከሆነ ፕላዝማውን ያቀጥናል፤ ደረቅ ሄፓሪን ያለበት ቱቦ ይመረጣል። ክንድን ረጅም ጊዜ አስሮ መቅዳት ውሃው ከደም ሥር እንዲወጣ ስለሚያደርግ አልቡሚኑንም ቀለሙንም ያወፍራል። ጨርሶ መቅረት የሌለበት ደግሞ ቀለሙ ከመወጋቱ በፊት የሚወሰደው ባዶ ፕላዝማ ነው። ከዚያው ሰው ወይም እንስሳ ካልሆነ ብላንክ (የንባብ መነሻ) አይባልም።

ንባቡ በ620 ናኖሜትር ነው፤ ከአልቡሚን ጋር የተጣበቀው ቀለም ጫፉ ወደዚያ ይሸጋገራል። ስታንዳርዱም በዚያው ባዶ ፕላዝማ መሠራት ያለበት ለዚህ ነው። በጨው ውሃ የተሠራ ስታንዳርድ ከጫፉ ውጪ ስለሚነበብ ቁልቁለቱ ይዛባል። ስብ የበዛበት ፕላዝማ ድፍርስ ስለሚሆን ያለ ቀለምም 620 ላይ ብርሃን ይይዛል፤ ቀለሙ በማይታይበት 740 ናኖሜትር ደግሞ ማንበብ ድፍርስነቱን ለይቶ ያሳያል። ናሙናው ጾም ካደረ ሰው ቢወሰድ ግማሹ ችግር ይቀላል።

ቀለሙ ከደም ቀስ እያለ ስለሚወጣ በአንድ ናሙና መደምደም ያሳስታል። በ10፣ በ20 እና በ30 ደቂቃ የተቀዱት ተነበው፣ ክምችታቸው በሎግ ሚዛን ተቀምጦ ወደ ዜሮ ደቂቃ ይመለሳል። ቀለሙ አካል ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ይህ ለአንድ ጊዜ ልኬት ጥቅም ነው፤ በዚያው ቀን መልሶ ለመለካት ግን ችግር ነው። ተደጋጋሚ ልኬት ለሚፈልግ ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለው ሌላ ቀለም ይሻላል። በፕላዝማ ውስጥ ንባቡ 800 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ሄሞግሎቢን አይረብሸውም፤ ጉበትም በደቂቃዎች ያጸዳዋል። በአንጻሩ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ስለሚበላሽ በተዘጋጀ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት።

የደም-አንጎል አጥር፦ ዶዙ ራሱ ችግር የሚሆንበት

የአንጎል የደም ሥሮች በደም ያለውን ብዙ ነገር ወደ አንጎል አያሳልፉም፤ ይህ አጥር ማፍሰሱን ለማወቅ ቀለሙ ተወግቶ አንጎሉ ሰማያዊ መሆኑ ይታያል። ለማውስና ለራት (ለሁለቱ የላብራቶሪ አይጦች) በብዛት የሚጠቀሰው አሠራር ባለ 2 በመቶ መፍትሔ በኪሎ 4 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህም በኪሎ 80 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከወረቀት ወደ ወረቀት ሳይመረመር ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ ከአልቡሚኑ ጋር እናስተያየው።

የማውስ ፕላዝማ በኪሎ ክብደት 45 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 80 ሚሊ ግራም በዚህ ሲካፈል በሚሊ ሊትር 1.78 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በሞለኪውል ቁጥር ሲታይ 1.85 ሚሊሞላር ነው። አልቡሚን በሊትር 30 ግራም ያህል ቢኖር 0.45 ሚሊሞላር ነው። ለእያንዳንዱ አልቡሚን አራት የቀለም ሞለኪውል ደረሰው ማለት ነው። የቀለም ይዘቱ 75 በመቶ ብቻ ነው ብንል እንኳ ሦስት ይደርሰዋል። አሁን የሰውን የፕላዝማ ልኬት እናስታውስ፦ 25 ሚሊ ግራም በ3 ሊትር ሲሆን 9 ማይክሮሞላር አይሞላም፤ አልቡሚኑ ደግሞ 600 ማይክሮሞላር ያህል ነው። እዚያ ለአንድ ቀለም ከስልሳ በላይ አልቡሚን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንድ ቀለም ነው፣ ግን ሁለቱ ሙከራዎች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም።

አልቡሚን ጠንክሮ የሚይዝባቸው ቦታዎች የተወሰኑ ናቸው። ትርፉ ልል ሆኖ ይያዛል ወይም ነጻ ይቀራል። የአልቡሚን ክብደት 66 ሺህ ተኩል ዳልተን ያህል ነው፤ ነጻው ቀለም ግን ሺህ እንኳ አይሞላም። ሰማያዊ ሆኖ የተገኘ አንጎል ‹‹አልቡሚን አጥሩን ጥሶ ገባ›› የሚል ድምዳሜ የሚሸከመው ቀለሙ ሁሉ ከአልቡሚን ጋር ከነበረ ብቻ ነው። አልቡሚን መግባቱ የዋና ድምዳሜ መሠረት ከሆነ አልቡሚኑ ራሱ በፀረ-አካል ተፈልጎ መታየት አለበት።

ነጻ ቀለም አለ ወይስ የለም የሚለውን በዓይን ማየት ይቻላል። ከተወጋው እንስሳ ፕላዝማ 2 ማይክሮ ሊትር ፕሮቲኑን በማይፈታ የፖሊአክሪላማይድ ጄል ላይ ይሮጥ። ፕሮቲን የሚፈታው ኤስዲኤስ አይጨመርበት፤ አይሞቅም። አልቡሚን የያዘው ቀለም መሀል ላይ ጠባብ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይቆማል፤ ነጻው ቀድሞ ወደ ታችኛው ጫፍ ይወርዳል። ማቅለሚያ እንኳ አያስፈልግም፤ ጄሉ ገና ከመሣሪያው ሳይወጣ በመስታወቱ በኩል ይታያል። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ካለ ዶዙ ይቀነስ።

እኛ የምንመክረው ባለ 0.5 በመቶ በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህ 10 ሚሊ ግራም በኪሎ ሲሆን ለሁለት አልቡሚን አንድ ቀለም ያህል ይሆናል። ዋጋው ደካማ ንባብ ነው፤ ስለዚህ ከአብዞርባንስ ይልቅ በፍሎረሰንስ (በፍካት)፣ በ620 ተነቅቶ በ680 ናኖሜትር መነበብ አለበት።

ከዚያ በኋላ ውጤቱን የሚወስነው እጥበቱ ነው። እንስሳው በጥልቅ ማደንዘዣ ሥር ሆኖ የጨው ውሃው በግራ የልብ ታችኛ ክፍል ይገባል፣ በቀኝ ላይኛ ክፍል ይወጣል። የሚወጣው ፈሳሽ ፍጹም ቀለም አልባ እስኪሆን ይቀጥላል። ጥቂት ደም የቀረበት የደም ሥር ሁሉ ‹‹ልቀት›› ሆኖ ይቆጠራል። ለማፍጠን ግፊቱን ከተፈጥሯዊው የደም ግፊት በላይ ማድረግ ደግሞ ጤነኛውን አጥር ይሰብራል። ቀለም በሚወጣበት ዘዴ ሲሠራ በፎርማሊን መታጠብ የለበትም፤ አልቡሚኑን ከሥጋው ጋር ስለሚያስር ቀለሙ በደንብ አይወጣም።

ጤነኛ አንጎል ላይ ሰማያዊ ነጥብ ማየት ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ኮሮይድ ፕሌክሰስ፣ ሚዲያን ኤሚነንስና አሪያ ፖስትሬማ የተባሉት የአንጎል ክፍሎች በተፈጥሯቸው አጥር የላቸውም። እነዚህ ከናሙናው ካልተለዩ ወይም በሁሉም ቡድን እኩል ካልተቆረጡ ቁጥሩን ብቻቸውን ያንቀሳቅሱታል። እንዲያውም በቁጥጥር ቡድኑ አንጎል እነዚህ ቦታዎች ሰማያዊ ሆነው ካልታዩ ቀለሙ ደም ሥር ውስጥ አልገባም ማለት ነው፤ የጅራት ደም መልስ ስቶ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ መርፌ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ቀለሙን ከሥጋ ማውጣት

ሁለት መንገድ አለ። በፎርማማይድ ሲሆን ለ100 ሚሊ ግራም ሥጋ ከ500 ማይክሮ ሊትር እስከ 1 ሚሊ ሊትር ተጨምሮ በ55 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ይቆያል። ክዳኑ ከላላ ፈሳሹ ይተንና ክምችቱ በሐሰት ይጨምራል፤ ቱቦው ከመግባቱ በፊትና ሲወጣ ቢመዘን ይታወቃል። ከዚያ በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ስብና ከታች ያለው ዝቃጭ ሳይነካ መሀሉ ብቻ በፒፔት ይወሰዳል። ብላንኩም ስታንዳርዱም በፎርማማይድ ይሠራሉ፤ ብላንኩ ደግሞ ቀለም ካልተወጋ እንስሳ ተመሳሳይ ሥጋ የወጣ ቢሆን ይመረጣል። ፎርማማይድ ፅንስን ስለሚጎዳ ሥራው በጭስ ማውጫ ሥር፣ በጓንት ነው።

ሁለተኛው በ50 በመቶ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ሥጋውን ፈጭቶ ፕሮቲኑን ማዝቀጥ ነው። ከላይ የጠለለው አንድ እጅ በሦስት እጅ ባለ 95 በመቶ ኤታኖል ሲቀጥን ፍካቱ ይሻሻላል። በአንድ ሰዓት ስለሚያልቅ ፈጣን ነው፤ ለዝቅተኛው ዶዝ የሚስማማውም ይኸው ነው። አንድ ወጥመድ አለው፦ ቀለሙ በጣም ከበዛ ፍካቱ ራሱን ያጠፋል፣ በጣም ሰማያዊ የሆነው ናሙና ከመካከለኛው ያነሰ ይነበባል። ማንኛውም ናሙና በእጥፍ ቀጥኖ በትክክል ግማሽ ካልሰጠ ከስታንዳርዱ ቀጥታ መስመር ውጪ ነው።

ሳንባ ላይ ለሚሠሩ የ620 ንባብ ተቀንሶ (1.426 × የ740 ንባብ + 0.030) የሚለው ማስተካከያ የታወቀ ነው። የሄሞግሎቢንን ትራፊ ለማውጣት ታስቦ ነው። ቁጥሮቹ ግን ከአንድ ዓይነት ሥጋና መሣሪያ የተገኙ ናቸው፤ ቀለም ያልተወጋባቸውን ጥቂት ናሙናዎች በ620ም በ740ም አንብቦ የራስን ቁልቁለት ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም።

ክብደቱም ይታሰብበት። ያበጠ ሥጋ ውሃ ስለቋጠረ እርጥብ ክብደቱ ይጨምራል፤ ቀለሙ በእርጥብ ግራም ሲካፈል ልቀቱ በጨመረበት ቦታ የቀነሰ ሊመስል ይችላል። ለእብጠት ሥራ ደረቅ ክብደት ነው የሚያዋጣው።

ቆዳና ጡንቻ

ቆዳ ላይ ያለው ሥራ፣ ማይልስና ማይልስ በ1952 በጊኒ ፒግ ላይ በሌላ ሰማያዊ ቀለም የጀመሩት ማለት ነው፣ ለኢቫንስ ብሉ በጣም ይመቸዋል። ለማውስ ባለ 0.5 በመቶ 200 ማይክሮ ሊትር በደም መልስ ተሰጥቶ፣ ሂስታሚን ወይም ቪኢጂኤፍ (ሁለቱም የደም ሥርን የሚያስለቁ ንጥረ ነገሮች) ቆዳ ውስጥ ይወጋል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ክቡ ተቆርጦ በፎርማማይድ ይወጣል። መርፌው ራሱ ማስት ሴሎች የተባሉትን የመከላከያ ሕዋሶች አነሣሥቶ ሂስታሚን ያስወጣል፤ የሚጠናው ቪኢጂኤፍ ከሆነ ፀረ-ሂስታሚን አስቀድሞ መስጠት ግዴታ ነው፣ የጨው ውሃ ብቻ የተወጋበት ክብም በዚያው እንስሳ ላይ ይኑር።

የተጎዳ የጡንቻ ክር ለመለየት ከዚህ ቀለም የሚሻል ቀላል ነገር አናውቅም። ዲስትሮፊን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን በሌላቸው ማውሶች ባለ 1 በመቶው በግራም ክብደት 10 ማይክሮ ሊትር በሆድ ዕቃ ተሰጥቶ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይጠበቃል። ሽፋኑ የተቀደደ ክር ቀለሙን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በአረንጓዴ ብርሃን ቀይ ሆኖ ይፈካል። ጥያቄው ‹‹ገባ ወይስ አልገባ›› ብቻ ስለሆነ የነጻ ቀለም ጣጣው እዚህ አያስጨንቅም።

በአንጻሩ ከአካል ለወጣ ሕያው የነርቭ ሥጋ አይሁን። ኢቫንስ ብሉ የነርቭ ምልክት በሚቀበሉት በአምፓ የግሉታሜት ተቀባዮችና በፒ2ኤክስ ተቀባዮች ላይ ይሠራል፤ ግሉታሜት ወደ ነርቭ ከረጢቶች እንዳይገባም ያግዳል። እዚያ የሚታየው ለውጥ የጉዳቱ ይሁን የቀለሙ መለየት አይቻልም።

ስለ ጤና ደግሞ፣ ቀለሙ ከኦርቶ-ቶሊዲን የሚሠራ ስለሆነ ካንሰር ያመጣል ተብሎ እንደሚጠረጠር ነገር መያዝ አለበት። አደገኛው ጊዜ ዱቄቱ ሲመዘን ነው፤ ንፋስ በሌለበት፣ ጓንትና ጭንብል ተደርጎ ይመዘን። የፈሰሰው በበረኪና ቀለሙን ይለቃል። ፎርማማይድ ወይም አሲድ ያለበት ተረፈ ሥራ ላይ ግን በረኪና ፈጽሞ አይጨመር፤ በየራሱ ዕቃ ተለይቶ ይወገዳል። ለመግዛት 1 ግራም ለአብዛኛው ላብራቶሪ ይበቃል፦ ባለ 75 በመቶው እንኳ 150 ሚሊ ሊትር ባለ 0.5 በመቶ ይወጣዋል፣ በምንመክረው ዶዝ ደግሞ ለ25 ግራም ማውስ የሚያስፈልገው 50 ማይክሮ ሊትር ብቻ ነው። ትልቁን ጠርሙስ መግዛት የሚያዋጣው ረጅም ተከታታይ ሥራ በአንድ የምርት ክፍል ለመጨረስ ሲታሰብ ነው።